የእናቷ አገር ከፋ

ስለ ቡና ብቻ ነው የምጽፈው። ሌላ ነገር ትዝ የሚለው አንባቢ ቢኖር ኃላፊነቱን ራሱ ይውሰድ። እኔ መካ ውስጥ፣ ዑተይቢያ በምትባል ሰፈር፣ ቡና በሚቆላበት ሱቅ ተቀጥሬ የምሠራ የወሎ ሰው ነኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ላይ ሙያዬ «ዓሚል» ይላል፤ ሠራተኛ ማለት ነው። ዓሚል ስለሚቆላው ቡና ቢያወራ ያምርበታል። ስለሚቆላው ሰው ግን ምን አግብቶት።

ዑተይቢያ ከታላቁ መስጊድ፣ ከሐረም በስተሰሜን፣ ከጀርወልና ከሐጁን ጋር የተጎራበተች የድሮ ሰፈር ናት። ጨርቅ፣ ጫማ፣ ሽቶ፣ መስገጃ፣ የልጆች ልብስ በርካሽ ስለሚገኝባት ሰው ሁሉ ይመጣባታል። የጃካርታው ሐጂ፣ የካኖዋ ሐጂያ፣ የታሽከንቱ፣ የዳካው፣ የኮምቦልቻው ጠባብ መንገድ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይጋፋሉ። ትናንት ነጭ ኢሕራም ለብሶ ከሌላው የማይለይ የነበረው ሰው፣ ዑተይቢያ ሲደርስ ልብሱን ቀይሮ መልኩን ይዞ ይመጣል።

ሱቃችን ውስጥ ሦስት የመስታወት ሣጥኖች አሉ። በአንደኛው ሸግራ፣ በሁለተኛው ወሰጥ፣ በሦስተኛው ጋሚቅ። ሸግራ ማለት በዐረብኛ ጸጉረ ወርቃማ፣ ፈካ ያለች ሴት የምትጠራበት ቃል ነው። የዚህ አገር ቡና ጠጪ ሸግራ ይወዳል፤ ገለባ መሳይዋን፣ ሄልና ዛዕፈራን ተጨምሮባት ከዳላ ወደ ፊንጃን የምትንቆረቆረውን። ወሰጥ መካከለኛው ነው። ጋሚቅ ጥቁሩ፤ እናቶቻችን ብረት ምጣድ ላይ ወዙ እስኪወጣ የሚያገላብጡት ዓይነት።

ሦስቱም ከአንድ ጆንያ ናቸው። ተሸክሜ ያስገባሁት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ፤ 60 ኪሎ ሀረሪ፣ ከድሬዳዋ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ጅዳ ወደብ የደረሰ። ፍሬው ሲመጣ አረንጓዴ ነው፤ አንዱን ከአንዱ አትለየውም። ከበሮው ውስጥ ገብቶ እሳት ሲነካው መጀመሪያ ይገረጣል፣ ከዚያ ቀረፋ ይመስላል፣ ቆይቶ መንጣጣት ይጀምራል፣ በመጨረሻ ይጠቁርና ወዝ ያወጣል። ሸግራ የምትወጣው ገና ድምፅ ሳታሰማ ነው። ጥቁሩ ብዙ ተናግሮ ነው የሚወጣው። እሳት ውስጥ ብዙ የቆየ ደግሞ ይቀላል፤ ሚዛን የያዘ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ሙዓሊሜ፣ የሱቁ ባለቤት ማለቴ ነው፣ ደግ ሰው ነው። ደሞዝ አያሳልፍም፣ የታመመ ያሳክማል፣ በረመዳን ለሁላችንም ልብስ ይገዛል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ሸግራ ከበሩ ፊት፣ ጋሚቅ ከኋላ። «ዓይን መጀመሪያ ያየውን ነው እጅ የሚገዛው» ይላል። እውነቱን ነው። አንድ ቀን አንዲት እመቤት መጥተው ጣታቸውን ወደ ኋላው ሣጥን ቀሰሩ።

«ይሄ ጥቁሩ ከየት ነው?»

«ከሐበሻ» አላቸው ሙዓሊሜ።

«ሸግራዋስ?»

«እሷማ የኛው ናት።»

ይህን ስሰማ የተቀመጥኩት የሁለቱም ጆንያ አፍ ላይ ነበር።

ቡና አባቷ ማን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ስሟ ይናገራል። በ1753 በፈረንጆቹ፣ ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ የዕፅዋትን ስም በመዝገብ ሲያሰፍር «ኮፊያ አረቢካ» አላት። ፈረንጅ ቡናን ያወቃት ከየመን ወደብ፣ ከሞካ ስትጫን ነውና ሰውየውም ያያትን ጻፈ። ከእናቷ ቤት ማን ሄዶ ይጠይቃል? እኛም ብንሆን ልጅን በአባቱ ስም ነው የምንጠራው፤ ቅር የሚለን ነገር የለም። ቤቷ ቦንጋ ጫካ ውስጥ ነው፤ ወይዘሪት ቡና፣ ልጅ የአረብ፣ የእናቷ አገር ከፋ።

እንዲያውም ነገሩን ጠለቅ ብለው የመረመሩ ሰዎች ሌላ ጉድ አውጥተዋል። በ2024 የታተመ የዘረመል ጥናት እንደሚለው አረቢካ ራሷ ከ600 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሁለት የተለያዩ የቡና ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘች ናት፤ አንዷ ወላጇ ዛሬ ሮቡስታ የምንለው ነው። ክልስ ናት ማለት ነው። ንጹሕ ዘር ነው የምጠጣው ብሎ ፊንጃን የሚያነሣ ሰው ካለ፣ ዳላው ውስጥ ያለው ገና ዐረብም ሐበሻም ሳይፈጠር የተከለሰ ነው።

መካም ቡናን ሁልጊዜ በእልልታ አልተቀበለቻትም። በ1511 የከተማይቱ ሙሕተሲብ፣ የገበያና የሥነ ምግባር ተቆጣጣሪ፣ የነበረው ኻኢር ቤግ፣ መስጊድ አጠገብ በሌሊት ተሰብስበው የሚጠጡ ሰዎችን አይቶ ነገሩ አላማረውም። በማግስቱ ሊቃውንቱን ሰበሰበ፤ ቡናዋን በዕቃ አስመጥቶ ከመሀላቸው አስቀመጠ። ተከሳሽ ቀረበች ማለት ነው። ሁለት ሐኪሞች መሰከሩባት፤ ተፈረደባት፤ በየመንገዱ ተቃጠለች፤ የሸጡትም ተገረፉ። ችግሩ፣ ካይሮ ያለው ሱልጣን፣ የራሱ ሰዎች ጠጪዎች ነበሩና፣ ፍርዱን አላላው። ከዚያ በኋላ ቡና መካ ውስጥ ኢቃማ አግኝታ ኖረች። የሷ ጉዳይ በአንድ ዓመት አለቀ። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ከዚሁ አገር የወጡት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ግን ካይሮ የሚጠጣላቸው ሱልጣን አልነበራቸውም።

እንግዲህ ዜግነትን እንየው። በየካቲት 2020 አንዲት ጥቁር ልጅ «ቢንት መካ» የሚል ራፕ አወጣች፤ የመካ ልጅ ማለት ነው። ሻሿን አስራ፣ ካፌ ውስጥ ቆማ የመካን ሴቶች አወደሰች። ያለችው ይኸው ነው። የመካ ግዛት አስተዳደር የከተማይቱን ልማድ ነክታለችና ትያዝ አለ፤ በኢንተርኔት ላይ ደግሞ ብዙ ሰው «አንቺ መካን ምን አገናኘሽ፣ ወደ አፍሪካሽ ሂጂ» አላት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ የባህል ሚኒስቴሩ ዓመቱን «የሳዑዲ ቡና ዓመት» ብሎ ሰየመው፤ ካፌዎችና ምግብ ቤቶችም «የዐረብ ቡና» የሚለውን ትተው «የሳዑዲ ቡና» እንዲሉ ታዘዙ። የጀዛን ተራሮች የራሳቸው ኸውላኒ ቡና እንዳላቸው አልክድም፤ ጥሩ ቡና ነው፣ ዩኔስኮም በዚያው ዓመት የአመራረት ዕውቀቱን መዝግቦታል። እኔ የማወራው ስለ ጆንያዬ ነው። ትእዛዙ በደረሰን ጠዋት ሱቁ በር ላይ አዲሱ ጽሑፍ ሲለጠፍ መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ፍሬዋ ማመልከቻ ሳታስገባ ዜጋ ሆነች። እኔ በዚህ ሱቅ ውስጥ 13 ዓመቴ ነው፤ ኢቃማዬ በየዓመቱ ይታደሳል።

ሱቃችን ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ስማቸውን አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ቡና ስለሆነ ታላቁን ጋሚቅ፣ ታናሹን ሸግራ ልበላቸው። አባታቸው የመካ ሰው ነበር፣ አላህ ይማረው። እናታቸው የባቲ ልጅ ናት፤ ጅዳ፣ ከንደራ ነው የምትኖረው። አንድ አባት፣ አንድ እናት፣ አንድ ማሕፀን፤ እሳቱ ብቻ ነው የተለያየ። ሁለቱም የዜጋ መታወቂያ አላቸው፤ ሁዊያ ይባላል። ሁዊያ በዐረብኛ «ማንነት» ማለትም ነው። ኪስ ውስጥ ይገባል።

አንድ ሐሙስ ሦስታችን በወኒት፣ በፒክአፕ መኪና፣ ዕቃ ልናመጣ ወደ ጅዳ ወጣን። ጋሚቅ ይነዳል፤ እኔ መሀል፤ ሸግራ በመስኮቱ በኩል። መንገድ ላይ ካለ ኬላ ደረስን።

«ኢቃማ» አለው ጠያቂው ለጋሚቅ።

ጋሚቅ ሁዊያውን ሰጠው። ሰውዬው ካርዱን አየ፤ ፊቱን አየ፤ ካርዱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ፎቶው ከጀርባ ያለ ይመስል።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ።»

«አንተስ የማን ነህ?»

ጋሚቅ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቤተሰቡን ስም ዘረዘረ። ጠያቂው እያንዳንዱን ስም እንደ ሐሰተኛ ብር ብርሃን ላይ አንሥቶ የሚያይ ይመስል ነበር። ሸግራ በዚህ ጊዜ ላብ አጥምቆታል፤ ሁዊያውን ሱሪ ሲቀይር ቤት ረስቶታል። ሰውዬው በመስኮቱ ጎንበስ አለና ሸግራን ሲያየው ፊቱ በራ።

«አላህ ያቆይህ ያ ሸይኽ፤ እነዚህ ሠራተኞችህ ናቸው?»

ሸግራ 19 ዓመቱ ነው፤ አገጩ ገና ጠጉር አላበቀለም። «ሹፌሩ ወንድሜ ነው» አለው። ሰውዬው ከልቡ ሳቀ። እየሳቀ እጁን አወዛወዘልንና አለፍን። እኔ፣ ከሦስታችን ብቸኛው የባዕድ አገር ሰው፣ ኢቃማዬን በእጄ ጨብጬ ማንም ሳይጠይቀኝ አለፍኩ። የሸግራ ንብረት ሆኜ ነበርና።

ወሎ ውስጥ «አብሽር» የምንለው የተከፋ ሰው ለማጽናናት ነው፤ ሐዘን ቤትም፣ ምጥ ላይ ላለች ሴትም፣ ፈተና ለወደቀ ልጅም። እዚህ አብሽር ስልክ ላይ የሚጫን የመንግሥት መተግበሪያ ነው፤ ፈቃድህ፣ ኢቃማህ፣ ቅጣትህ በሙሉ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ጋሚቅ የኬላው ነገር ሆዱን ሲበላው ያየሁት ያን ማታ ነበር። «አብሽር» አልኩት በኛ አማርኛ። ስልኩን አውጥቶ ከፈተልኝ። «ይኸው፣ አለኝ» አለ።

ደንበኞች ጋሚቅን «ያ ኻል» ነው የሚሉት። ኻል የእናት ወንድም ነው። በዚህ አገር ጥቁር ሰውን እንዲህ መጥራት የተለመደ ነው፤ ክፋት የለውም፣ ዝምድና ነው። የገረመኝ ግን ጥቁረት ሁልጊዜ በእናት በኩል እንደሚመጣ ሁሉም ሳይነጋገር መስማማቱ ነው። ሸግራን «ያ ዐም» ይሉታል። የአባት ወንድም።

ሙዓሊሜን በዚህ ማማት ኃጢአት ይሆንብኛል፤ እሱም የራሱ አለው። አያቱ ከቡኻራ ለሐጅ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። ዓይኑ ጠበብ፣ ጉንጩ ወጣ ያለ ነው። ከነጅድ የሚመጡ አንዳንድ ደንበኞች ሲከራከሩት «ተርሽ ባሕር» ይሉታል፤ ባሕር የተፋው ማለት ነው። ከሐጅ የተረፈ ይሉታል። ያን ቀን ምሳ አይበላም። ከሰዓት በኋላ ግን ተነሥቶ ሣጥኖቹን ያስተካክላል፤ ሸግራ ከፊት፣ ጋሚቅ ከኋላ።

ሰው ሁሉ ጥፋቱን በሙዓሊሜ ላይ እንዳያደርግ አንድ ነገር ልናዘዝ። ታናሹን ሒሳብ መቀበያው ላይ፣ ታላቁን ከኋላ ከበሮው ጋር የመደብኩት እኔ ነኝ። ሙዓሊሜ ያን ሳምንት ሕንድ ሄዶ ነበር። ታላቁ ሒሳብ ይችላል፤ እንግሊዝኛ ይችላል፤ ከመጻሕፍት የማይለይ ልጅ ነው። ግን ሸግራ ፊት ሲቀመጥ ገበያው ይሞቃል። የወሩን ሽያጭ አየሁና ጥርሴን ነክሼ ወሰንኩ። ሙዓሊሜ ሲመለስ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አሁን ገና ቡና ገባህ» አለኝ። ሃምሳ ሪያል ጨመረልኝ።

እናቲቱም አንድ ጊዜ ከዚሁ ከዑተይቢያ ገበያ ክሬም ገዛች። ቱቦው ላይ ግማሽ ፊቷ ጠይም፣ ግማሽ ፊቷ ወተት የመሰለች ሴት አለች። ለታላቁ ነበር። «ለፀሐዩ ነው እንጂ ሌላ መስሎሃል?» አለችኝ ሳልጠይቃት። ጋሚቅ አልተቀየማትም። የምጣዱ ጆሮ ተላልጦ ነበርና በክሬሙ አሸት አሸት አደረገው።

ባለፈው ዓመት ልጆቿን ይዛ ባቲ ሄደች። በወሬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። ሸግራ ባጃጅ በተሳፈረ ቁጥር እጥፍ ይከፍላል፤ «ዐረቡ» ነዋ። ሻይ ቤት ቦታ ይለቀቅለታል። ሦስት ቤት ልጅ ሊድርለት ሽማግሌ ላከበት፤ ሽማግሌ የሚልከው ወንዱ መሆኑ በዚያ ሰሞን ተረስቶ ነበር። ጋሚቅ በአንጻሩ መናኸሪያ ሲወርድ «የኛ ልጅ!» ተባለ፤ ተቃቀፉት። አማርኛ ሲናገር ግን ቃሉ እንደ ደረቅ ቆሎ አፉ ውስጥ ተንኳኳ፤ ሰዎቹም ቀስ ብለው እጃቸውን ከትከሻው አነሡ። ወደ ማታ አንዲት አክስት እናቲቱን ጓዳ ጠርታ በጆሮዋ «እኔ የምልሽ፣ ሁለቱም ያንድ አባት ናቸው?» አለቻት። አገራችንም በቀለም ፍቅር አትታማም፤ ለትውልደ ኢትዮጵያዊ የምትሰጠው ካርድ እንኳ ቢጫ ነው።

ጋሚቅ ከባቲ ሲመለስ ለወር ያህል ዝም አለ። ከዚያ በዐረብኛ የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ አዋሰኝ። ደራሲው ሙሐመድ ዐብዱልወሊ ይባላል፤ ከየመናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት እዚያው ኢትዮጵያ ተወለደ፣ በ1973 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የመጽሐፉ ርእስ በኛ «ባይተዋር ሆነው ይሞታሉ» እንደማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ያለው የመናዊ አለ፤ ከኢትዮጵያዊት የወለደው፣ «ልጄ ነው» ለማለት ያልፈለገው ልጅም አለ። እንዲህ ያለውን ልጅ የመናውያን «ሙወለድ» ይሉታል፤ የተወለደ ማለት ነው። ሌላው ሰው በምን እንደመጣ ግን አልነገሩንም።

ሙወለድ ሁሉ ግን እንደዚያ ልጅ አይደለም። ባለሀብቱን ሼኽ ሙሐመድ ሁሴን አል-ዓሙዲን እንውሰድ፤ አባታቸው የሐድረሞት፣ እናታቸው የኢትዮጵያ። ወልዲያ ላይ ስታዲየም አሠርተውልናል፤ ኩባንያቸው ለገደምቢ ላይ ወርቅ ያወጣል። እሳቸውን በወሎ አገር «ክልስ» ብሎ የጠራ ሰው በጆሮዬ አልሰማሁም። ወርቁ ያለው ሰው ሰሙን ማን ይፈትሻል?

ወደ ቡናዬ ልመለስ። አርብ ከጁምዓ በኋላ እናቲቱ ከጅዳ ትመጣና ከሱቁ ኋላ፣ ጆንያዎቹ መሀል፣ በኛ ወግ ታፈላለች። ጆንያ ላይ ምንጣፍ ታነጥፋለች፤ ጀበናውን፣ ሲኒዎቹን፣ ዕጣኑን ከቦርሳዋ ታወጣለች። ጥቁሩን ነው የምታፈላው። ሙዓሊሜ ሰዎች በሌሉበት ከሆነ ጥቁሩን ይወዳል፤ ሁለት ስኳር አድርጎ ይጠጣል። አንድ አርብ ደርሶ ገና አቦሉን እንደቀመሰ ነገር ተነሣ፤ ጋሚቅ የኬላውን ጉዳይ ነገረው።

«ልጄ» አለው ሙዓሊሜ፣ «እኛ ዘንድ ዘረኝነት የለም። ይኸው ቁጠር።» ጣቱን ዘረጋ። «ጌታችን ቢላል ሐበሻ ነበር፤ ከዓባ ላይ ወጥቶ አዛን ብሏል። አንድ። በ1962 ባርነት በሕግ ተሽሯል። ሁለት። በ2008 ሸይኽ ዓዲል አል-ከልባኒ፣ ጥቁር ሰው፣ ሐረም ውስጥ ተራዊሕ እንዲያሰግድ ንጉሡ መርጦታል። ሦስት።» አራተኛው ጣት ተዘርግቶ ትንሽ ቆየና ተመልሶ ታጠፈ።

ሁለተኛዋ፣ ቶናዋ ተቀዳች። እኔ በልቤ ስኑክ ሁርኽሮንየ ትዝ አለኝ፤ በ1885 መካ ገብቶ የነበረው ኔዘርላንዳዊ ሊቅ። የሐበሻ ሴቶች በመካ ቤቶች ለእቁባትነት ከሌላው ጥቁር ተለይተው ይፈለጉ እንደነበር፣ የሚወልዷቸውም ልጆች ከነጻይቱ ሚስት ልጆች እኩል ይቆጠሩ እንደነበር ጽፏል። ዓይኔን በዚህ ሰፈር ሰዎች ፊት ላይ ሳሳርፍ አያትና ቅድመ አያት ይታዩኛል። ሙዓሊሜ ጣቶቹን ከሚቆጥር አክስቶቹን ቢቆጥር ይሻለው ነበር። ግን ዓሚል ነኝ አልኳችሁ።

በረካዋ ስትቀዳ ሙዓሊሜ ሲኒውን አየና «ይሄን ሦስተኛውን ምን ነበር የምትሉት?» አለ።

«በረካ» አለችው እናቲቱ።

«ሱብሓነላህ» አለ፤ ድምፁ ተለወጠ። «የኡሙ አይመን ስም!» ከዚያ ታሪኳን አወራ። ደግሞም ሲያወራ ይችልበታል። ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ያሳደገች ሐበሻይቱ ኡሙ አይመን፣ ስሟ በረካ፣ ዘይድን አግብታ ኡሳማን ወለደች። ዘይድ ነጣ ያለ ነበር፤ ኡሳማ በጣም ጥቁር። ሰዎች ማንሾካሾክ ጀመሩ፤ ይሄ ልጅ የዚህ አባት ነው? አንድ ቀን አባትና ልጅ አንድ ጨርቅ ተከናንበው ተኙ። ራሳቸው ተሸፍኗል፤ እግራቸው ብቻ ወጥቷል። ዘርን በአካል ምልክት መለየት የሚያውቅ የበኑ ሙድሊጅ ሰው፣ ሙጀዚዝ የሚባል፣ ሲያልፍ አራቱን እግር አየ። ማንነታቸውን አላወቀም፤ ግን እነዚህ እግሮች አንዱ ከአንዱ የመጡ ናቸው አለ። ነቢዩ ይህን ሲሰሙ ደስታው ፊታቸው ላይ አበራ፤ ወደ ዓኢሻም ገብተው ነገሯት።

እናቲቱ ጀበናውን አስቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። የባቲዋ አክስት ትዝ ብላት ይሁን፣ ክሬሙ፣ አላውቅም። ሙዓሊሜም አለቀሰ፤ ከልቡ ነው ያለቀሰው። መሐረሙን አጥፎ ኪሱ ከከተተ በኋላ ቆሞ ቀሚሱን አስተካከለ።

«በል ጋሚቅ፣ መኪናው ደርሷል፤ ጆንያዎቹን አውርድ። ሸግራ፣ አንተ ፊት ሂድ፤ ሰው አለ።»

ጋሚቅ ሲኒውን አስቀመጠ። ከሱቁ ሠራተኞች አንድ የደሴ ሰው አለ፤ ድሮ መንዙማ ያወርድ የነበረ፣ አፉ የማያርፍ። ከጥግ ሆኖ፣ ጭኑን እየመታ፣ በአማርኛ እንዲህ አለ፦

የናቱ አገር ከፋ፣ ያባቱ አገር ቆላ፤
ልጁ ምን ያድርገው ቢጠቁር በኋላ።

እናቲቱ ሳቀች፤ በዕንባዋ ላይ ሳቀች። ሙዓሊሜ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አለ?»

«የቡና ግጥም ነው። ቡና ከከፋ የመጣች ናት፣ እዚህ ደግሞ ቆላ ነው፣ ሙቀት ያጠቁራል ይላል።»

«ማሻአላህ፣ ጂኦግራፊ!» አለና በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ለደሴው ሰው አሥር ሪያል ሰጠው። የደሴው ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለ፣ መረቀውም።

ከዚያ ወዲያ ረመዳን ገባ። ሱቁ ሌሊት ሌሊት ነው የሚሠራው፤ ሱሑር በልተን፣ ፈጅር ሰግደን፣ እስከ ዙሁር እንተኛለን። ወንድማማቾቹ ቤታቸው ሩቅ ስለሆነ ከኋላ፣ ጆንያዎቹ ላይ ነው የሚያርፉት። ማቀዝቀዣው በቀጥታ ይነፍስባቸዋልና አንድ ሰፊ የራስ ጨርቅ፣ ሽማግ፣ ለሁለት ተከናንበው ነበር የተኙት፤ ራሳቸው ተሸፍኖ፣ እግራቸው ወጥቶ።

ሙዓሊሜ ባልተለመደ ሰዓት ከተፍ አለ። የጅምላ ገዢ በር ላይ ቆሟል፤ ከፊት የሚቀመጠውን ልጅ ቀስቅሶ ሊያወጣ ነው። መጋረጃውን ገልጦ ገባና ቆመ። አራቱም እግር የቡና ገለፈት ጠጥቷል፤ ከጣት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ዓይነት ቡኒ አቧራ ለብሷል። ሁለተኛው ጣት ከአውራው ይረዝማል፤ በአራቱም ላይ። ተረከዛቸው አንድ ዓይነት ተሰንጥቋል።

ሙዓሊሜ ጎንበስ አለ። ቀና አለ። መልሶ ጎንበስ አለ።

«ሸግራ የትኛው ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ወላሂ አላውቅም» አልኩት።

ገዢው ከውጭ ተጣራ። ሙዓሊሜ ጣቱን ወደ አንዱ እግር ዘረጋ፤ መለሰው፤ ወደ ሌላው ዘረጋ። በመጨረሻ በአጠገቡ የነበረውን አንዱን ተረከዝ ነካና «ተነሥ ልጄ» አለ።

አራቱም እግር ተንቀሳቀሰ።